ሽንቷ ታይቶ ያውቃል?

ባለፈው ቅዳሜ ሜክሲኮ አካባቢ መንገድ ተዘጋግቶ ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነበር። ከፊታችን አንዲት ሚኒባስ ቆማለች። ጎኗ ላይ የአንድ ወጣት ፎቶ ያለበት ባነር ተወጥሯል። ከላይ የታሰረው ድምፅ ማጉያ ሁላችንም በቃላችን የያዝነውን ይደጋግማል፦ «ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል፣ ስለ ፈጣሪ ብላችሁ ወገናችሁን እርዱ!» ልጁ ቢበዛ 23 ዓመቱ ነው። ረዳቱ ብር አውጥቶ በመስኮት ሰጠ፣ እኔም ሰጠሁ። መንገዱ ተከፈተና ሄድን።

ሁሌም እንሰጣለን። ለመስጠት የማንሰንፍ ሕዝብ ነን። ግን ሰጥተን ስናልፍ አንድ ነገር አንጠይቅም። የ23 ዓመት ልጅ ኩላሊት እንዴት ሆኖ ነው የሚያልቀው? ስኳር ነው፣ ግፊት ነው እንዳንል ገና ልጅ ነው። መልሱ ብዙ ዓይነት ነው፣ የዚያ ወጣት ምክንያትም የራሱ ነው። ከመልሶቹ አንዱ ግን እኔ ቤት ውስጥ ስላለ ዛሬ ስለ እሱ ልጻፍ።

ልጄን ሚጡ ልበላት፣ ቤትም የምንጠራት እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ትኩሳት የያዛት በ8 ወሯ ነው። ሌሊት ስንነካት እሳት ሆናለች። አታስልም፣ ንፍጥ የላትም፣ ተቅማጥ የላትም። ዝም ብላ ትቃጠላለች፣ የጠባችውንም ትመልሳለች። ጠዋት ሰፈራችን ወዳለ ክሊኒክ ይዘናት ሮጥን። ጉሮሮዋ በባትሪ ታየ፣ «ቶንሲል ነው» ተባለ፣ የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ ታዘዘላት። በሦስተኛው ቀን በረደላት። ፈጣሪን አመስግነን ረሳነው።

ሁለተኛው ዓመት ከሁለት ወር ሲሆናት መጣ። ጥርስ እያወጣች ስለነበር ማንም ሌላ ነገር አልጠረጠረም። እናቴ ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀን መጥታ ነበርና «እንጥሏ ወርዶ ነው፣ የሚያውቅ ሰው ላሳያት» አለች። ባለቤቴ ተቆጣች። እኔ መሃል ገብቼ ክሊኒክ ወሰድኳት። «የጥርስ ነው» አሉን፣ ሌላ ሽሮፕ ጻፉልን።

ሦስተኛው ጊዜ ደም ተወሰደ። ውጤቱን ትገምታላችሁ፦ ታይፎይድና ታይፈስ። በዚህ ከተማ አተኩሶት ላብራቶሪ ገብቶ ከሁለቱ አንዱ ያልተገኘበት ሰው ካለ እጁን ያውጣ። አራተኛውም ያው ሆነ። ያ የደም ምርመራ ድሮ የታመምነውን እንኳ የዛሬ በሽታ አስመስሎ ሊያሳይ እንደሚችል የሰማሁት በኋላ ነው።

አምስተኛው ላይ ሁለት ዓመት ከሦስት ወሯ ነበር። እሑድ ስለሆነ ክሊኒኩ ዝግ ነው፣ ጤና ጣቢያ ሄድን። ተረኛዋ ከተመረቀች ዓመት ያልሞላት የምትመስል ጤና መኮንን ነች። ጆሮዋን አየች፣ ጉሮሮዋን አየች፣ ደረቷን አዳመጠች፣ ሆዷን ዳሰሰች። ከዚያ ቀና ብላ፦ «አባቷ፣ ከዚህ በፊት ሽንቷ ታይቶ ያውቃል?» አለችኝ።

አልታየም። አራት ጊዜ ክሊኒክ ሄደን፣ አራት ጊዜ መድኃኒት ገዝተን፣ ሽንቷን የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም። ስለ ልጄ ሽንት የማውቀው ዳይፐር ስንት እንደገባ ብቻ ነበር።

ታጥባ ፖፖ ላይ ተቀመጠችና ሽንቱ መሃል ላይ በንጹሕ ዕቃ ተቀዳ። አንዲት ቀጭን ወረቀት ተነከረችበት፣ ቀለሟ ተለወጠ። ጤና መኮንኗ «የሽንት ኢንፌክሽን ነው። እንዲህ የሚያቃጥል ትኩሳት ካለው ኩላሊት ደርሶ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያዋም ላይሆን ይችላል» አለችና ሪፈር ጻፈችልኝ። ያቺ «የመጀመሪያዋም ላይሆን ይችላል» የምትለው ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች።

*

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ረጅም ስለሆነ ላሳጥረው። ካርድ፣ ወረፋ፣ ካልቸር፣ አልትራሳውንድ። የግራ ኩላሊቷ ከቀኙ አንሶ ተገኘ። ቀጥሎ በቀጭን ካቴተር ፊኛዋ በቀለም ተሞልቶ ራጅ ተነሳች። ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቅለው ሲያሳዩን ቀለሙ ከፊኛዋ ተነስቶ በግራ በኩል እስከ ኩላሊቷ ድረስ ወጥቷል። ወደ ታች መውረድ የነበረበት ሽንት ወደ ላይ ይሄዳል።

ሐኪሙ በወረቀት ሥለው አስረዱኝ። እንደገባኝ ልንገራችሁ።

ኩላሊት ያጣራው ሽንት በሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ፊኛ ይወርዳል። ቱቦዎቹ ፊኛውን በቀጥታ በስተው አይገቡም፣ በግድግዳው ውስጥ በሰያፍ ሾልከው ነው የሚገቡት። ፊኛው ሲሞላና ሲጨመቅ ግድግዳው ራሱ ቱቦውን ተጭኖ ይዘጋዋል። አንዳንድ ሕፃናት ላይ ያ ሰያፍ መንገድ ከተፈጥሮው አጭር ነው። ስለዚህ አይዘጋም፣ ሽንቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሐኪሞች ሪፍለክስ ይሉታል።

ሽንቱ ንጹሕ ከሆነ መመለሱ ብቻውን ብዙ ጊዜ ኩላሊቱን አይጎዳውም። ጣጣው የሚመጣው ባክቴሪያ ሲገባበት ነው። ከሰገራ የሚመጣው ኢ. ኮላይ ፊኛ ላይ መቅረት ሲችል በዚያ በተከፈተ መንገድ ኩላሊት ይደርሳል። የተቆጣው የኩላሊት ሥጋ ሲድን አንዳንድ ጊዜ ጠባሳ ይጥላል። ጠባሳ የሆነ ክፍል ሽንት አያጣራም፣ ተመልሶም አይተካም። ለዚህ ጉዳት «ሪፍለክስ ኔፍሮፓቲ» የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1973 የሰጡት ሮስ ቤይሊ የተባሉ የኒውዚላንድ ሐኪም ናቸው። ስም ካገኘ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል ማለት ነው፣ እኛ ሰፈር ግን ገና አልደረሰም።

ሪፍለክስ 5 ደረጃ አለው። ደረጃ 1 እና 2 የሆነ ልጅ ሲያድግ ያ አጭር መንገድ አብሮት ስለሚረዝም አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይድናል። የሚጡ ደረጃ 4 ነበር። ትኩሳት ያለው የሽንት ኢንፌክሽን ከያዛቸው ሕፃናት ውስጥ ከሦስቱ አንዱ ገደማ ሪፍለክስ ይገኝበታል። ይህን የምጽፈው ላስፈራራችሁ አይደለም። አብዛኞቹ ልጆች ኩላሊታቸው ሳይጎዳ ያድጋሉ። የሚጎዱት ጥቂቶች ግን መጀመሪያ የሚታወቁት በዚያች «ምክንያት የለሽ» ትኩሳት ነው።

*

ያን ማታ መሳቢያውን ከፈትኩ። ባለቤቴ ወረቀት አትጥልም። ማዘዣዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው። ቶንሲል፣ ጥርስ፣ ታይፎይድ፣ ታይፎይድ። ትኩሳቱ አንድ ዓይነት ነው፣ ስሙ ግን በየጊዜው ሌላ ነው። ሽሮፑ ደግሞ በየጊዜው ለትንሽ ጊዜ ስለሚያበርደው ሁላችንም መልሱ የተገኘ መሰለን።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ወረቀቶቹን ይዤ ሄድኩ። «ዶክተር፣ የመጀመሪያው ቀን ሽንቷ ቢታይ ኖሮ ኩላሊቷ ይተርፍ ነበር?» አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር አዎ እንዲሉኝ ፈልጌ ነበር። የምከስሰው ሰው እንዲኖረኝ።

ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አዩና መለሱልኝ። «ይህን እኔም ሆንኩ ሌላ ሐኪም ሊነግርህ አይችልም። አንዳንዱ ልጅ ከማህፀን ጀምሮ ኩላሊቱ ሳይስተካከል ይፈጠራል። አንዳንዱ በኢንፌክሽን ይጎዳል። የሷ ምን ያህሉ ከየትኛው እንደሆነ ዛሬ ላይ ሆኖ መለየት አይቻልም። በእርግጠኝነት የምነግርህ አንድ ነገር ነው። ትኩሳቱ ትክክለኛ ሕክምና ሳያገኝ ከሁለት ሦስት ቀን በላይ ከቆየ የጠባሳው ዕድል ይጨምራል።»

ይህ መልስ አዎ ከሚለው ይልቅ ከበደኝ። አዎ ቢሉኝ ተናድጄ እገላገል ነበር። አሁን ግን ክሊኒኩም፣ እኔም፣ ተፈጥሮም እኩል ተጠርጣሪ ሆነን ቀረን።

ማታ ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ፦ «አንተም እኮ ልጅ ሆነህ እንዲህ ነበርክ። ያለ ምክንያት ትቃጠል ነበር። እንጥልህን ያስቆረጥንህ ለዚያ ነው» አለችኝ።

ያኔ 32 ዓመቴ ነበር። ከዓመት በፊት ለሥራ ቅጥር የጤና ምርመራ ሳደርግ ግፊቴ 150 በ95 ሆኖ «ጭንቀት ይሆናል» ተብዬ ፈርመውልኝ ወጥቻለሁ። ይህን ለሚጡ ሐኪም ስነግራቸው እስክሪብቷቸውን አነሱና ለኔም አልትራሳውንድ አዘዙ። የቀኝ ኩላሊቴ ትንሽ ነው፣ ጠርዙም የተሸራረፈ ነው። ኩላሊት ሲጎዳ ደም ግፊትን ከፍ የሚያደርጉ ንጥረ ነገሮችን ስለሚለቅ የዚህ በሽታ አንዱ ምልክት ግፊት ነው። ሪፍለክስ በዘር ይሄዳል። ሪፍለክስ ያለበት ልጅ ወንድምና እህቶች ቢመረመሩ ከአራቱ አንዱ ገደማ፣ ሪፍለክስ የነበረበት ወላጅ ልጆች ቢመረመሩ ደግሞ ከሦስቱ አንዱ ገደማ ይገኝባቸዋል።

ያ የኔ ትኩሳት ከሽንት ይሁን ከሌላ ዛሬ የሚመሰክር የለም። እናቴን አልወቅስም፣ ያላትን ያህል አድርጋለች። ግን አስቡት። ለኔ ምላጭ፣ ለልጄ ሽሮፕ። በመሃላችን 30 ዓመት አልፏል፣ ክሊኒኩ በየማዕዘኑ ተከፍቷል፣ ላብራቶሪው መጥቷል። ሽንቱን ያየ ግን አልነበረም።

*

አሁን ወደ አስተያየቴ ልምጣ። ይህን የምጽፈው ለማልቀስ አይደለም።

አንደኛ፣ የሽንት ምርመራ ወረቀቷ ብርቅ ዕቃ አይደለችም። ነፍሰ ጡር እናት ለክትትል ስትመጣ ሽንቷ የሚታየው በሷው ነው። ታዲያ መንስኤው ያልታወቀ ትኩሳት ይዞት ለመጣ ሕፃን ለምን አትወጣም? የጤና ባለሙያዎችን ጫና አውቃለሁ። በቀን ስንት ልጅ እንደሚያዩ ወረፋ ላይ ቆሜ ቆጥሬያለሁ። አብዛኛው የልጅ ትኩሳት ከጉንፋን እንደሚመጣም፣ ወባ ባለበት አካባቢ ወባ እንደሚቀድምም አውቃለሁ። የምለው ለሁሉም ልጅ ይደረግ አይደለም። ጆሮ፣ ጉሮሮ፣ ደረት ታይቶ ምክንያቱ ካልተገኘ፣ ታይፎይድ ከመባሉ በፊት ሽንት ይታይ ነው።

«ሕፃን እንዴት ሽንት ይሰጣል?» የሚለው እውነተኛ ችግር ነው። ገላ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት የተያዘ ሽንት ከቆዳ ባክቴሪያ ስለሚቀላቀልበት ያሳስታል። ግን ብልሃት አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የሜልበርን ሐኪሞች ጥናት ዓመት ያልሞላቸውን ሕፃናት ከእምብርት በታች በቀዝቃዛ ፈሳሽ በተነከረ ጎዝ ሲያሿቸው 31 በመቶው በ5 ደቂቃ ውስጥ ሸኑ። ዝም ተብለው ከተጠበቁት የሸኑት 12 በመቶ ናቸው። ጎዝና ቀዝቃዛ ውሃ የሌለው ጤና ጣቢያ አለ አትሉኝም።

ሁለተኛ፣ መድኃኒት ተአምር እንደማይሠራ እንወቅ። ሚጡ ኢንፌክሽን እንዳይደጋገምባት ለዓመታት ማታ ማታ አነስተኛ አንቲባዮቲክ ወስዳለች። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ 607 ሕፃናት ላይ የታተመ ትልቅ ጥናት ይህ ዓይነቱ መድኃኒት የኢንፌክሽኑን ድግግሞሽ በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በሁለት ዓመት ክትትል ግን በኩላሊት ጠባሳ ላይ ልዩነት አላመጣም። መድኃኒቱን እየወሰደችም ሁለት ጊዜ ስላገረሸባት በ4 ዓመቷ ኦፕራሲዮን ሆነች። ቱቦዋ ተነቅሎ በረዘመ ሰያፍ መንገድ እንደገና ተተከለ። ሽንቱ መመለሱን አቆመ። የግራ ኩላሊቷ ግን ያው ትንሽ ነው። ቀኙ የሁለቱን ሥራ ይዞ እያደገ ነው፣ ተመስገን። ግፊቷ በየስድስት ወሩ ይለካል፣ ዕድሜ ልኳንም ይለካል።

ሦስተኛው የትምህርት ቤት ሽንት ቤት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሚጡ አሁን 7 ዓመቷ ነው፣ አንደኛ ክፍል ገብታለች። የሐኪም ትእዛዟ አጭር ነው። ውሃ ትጠጣ፣ በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ ትሽና፣ የሆድ ድርቀት አይያዛት። ሽንቱን የሚይዝ ልጅ ፊኛው ሲወጠር ባክቴሪያው ጊዜ አግኝቶ ይራባል። የደረቀ ሆድም ፊኛውን ተጭኖ እንዳይጨርስ ያደርገዋል። የመጀመሪያው ወር ላይ የውሃ ኮዳዋ በየቀኑ ሙሉውን ተመልሶ ይመጣ ጀመር። «ለምን አልጠጣሽም?» አልኳት። «ከጠጣሁ ሽንቴ ይመጣላ» አለችኝ። ሄጄ አየሁት። በሩ አይዘጋም፣ ውሃ የለም፣ ወለሉ አይረገጥም። እኔ ትልቁ ሰውዬ አልገባበትም።

ልጄ ብቻ አይደለችም። ጠዋት ቤቷ ሸንታ ማታ ቤቷ እስክትሸና የምትይዝ ሴት ልጅ የሌለበት ክፍል ስንት ነው? አስተማሪዎችም «እረፍት እስኪደርስ ያዙ» ይላሉ። እኛ ስለ ትምህርት ጥራት ስንከራከር ስለ መጽሐፍና ፈተና እናወራለን። ውሃ ያለው፣ በሩ የሚዘጋ ሽንት ቤት የልጅ ጤና ጉዳይ መሆኑን የሚያነሳ ወላጅ ኮሚቴ አላየሁም። በኛ ትምህርት ቤት ወላጆች አዋጥተን ሮቶ አስተከልን፣ ለበሮቹም መቀርቀሪያ አስገባን። ሌላ ነገር አልተደረገም። ኮዳዋ አሁን ባዶውን ይመጣል።

*

ከዚህ ሁሉ ለወላጅ የሚጠቅመውን ልሰብስበው።

1. ሕፃኑ ከ38 ዲግሪ በላይ አተኩሶት ሳልም ንፍጥም ከሌለው፣ የሚያስመልሰው፣ የማይጠባ፣ የማይጨምር ከሆነ «ሽንቱ ይታይልኝ» በሉ። ሦስት ወር ያልሞላው ልጅ ካተኮሰው ግን ምንም ሳትጠብቁ ወደ ሆስፒታል።

2. ሽንቱ የሚወሰደው አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ነው። አንዴ ሽሮፕ ከተዋጠ በኋላ ካልቸሩ ባክቴሪያውን ላያገኘው ይችላል። ወረቀቷም ሕፃናት ላይ የምታልፈው ኢንፌክሽን አለ፣ ጥርጣሬ ካለ ካልቸር ጠይቁ።

3. ትልቅ ልጅ ሲሸና ካቃጠለው፣ ካለቀሰ፣ አልጋ ላይ መሽናት አቁሞ እንደገና ከጀመረ ተረት አታድርጉት።

4. ወንድ ልጅ ሽንቱ ቀጭን ከሆነ፣ ካማጠ፣ ከተንጠባጠበ ፈጥናችሁ አሳዩት። የሽንት መውጫውን የሚዘጋ ተፈጥሯዊ ሥጋ ይኖራል፣ እሱም ሽንቱን ወደ ኩላሊት ይመልሰዋል።

5. ከቤተሰብ አንዱ ይህ ችግር ካለበት ለሌሎቹ ልጆች ሐኪም ንገሩ። ነፍሰ ጡር ስትሆኑም በአልትራሳውንድ ጊዜ ንገሩ።

6. እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት ትኩሳትን አያድንም። እኔ ምስክር ነኝ።

አገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። ትልቅ ነገር ነው። ግን ኩላሊቱን የሚሰጥ ሰው ይፈልጋል። እስከዚያ እጥበት ነው፣ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው በሺዎች የሚቆጠር ብር። ሚኒባሷ የምትዞረው ለዚህ ነው። መስጠታችንን አንተው። ነገር ግን ባነር ላይ ከመውጣታቸው በፊት በአንዲት ወረቀት ልናገኛቸው የምንችላቸው ልጆችም እንዳሉ እናስብ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ከሁለት ዓመት በፊት ትንሹ ልጄ በ7 ወሩ አተኮሰው። ያው የሰፈር ክሊኒክ ሄድኩ። ባለሙያው ጉሮሮውን አይቶ «ጉሮሮው ነው» አለና ማዘዣ መጻፍ ጀመረ። «ሽንቱን እዩልኝ» አልኩ። ቀና ብሎ አየኝና፦ «ሐኪሙ እርስዎ ነዎት ወይስ እኔ?» አለኝ። «አንተ ነህ የኔ ወንድም፣ ግን ሽንቱን እይልኝ» አልኩት። ተነጫነጨ፣ ታዘዘ። አርባ ደቂቃ ዕቃ ይዘን ጠበቅነው። ውጤቱ መጣ፣ ንጹሕ ነው። እውነትም ጉሮሮው ነበር።

ባለሙያው «አላልኩዎትም?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ። ከፍዬ ስወጣ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ ገንዘብ አውጥቼ አላውቅም።

ትንሽ ልጅ ላለው ሰው ላኩለት። ቸር ሰንብቱ።